ከቦሌ እስከ ጥቁር አንበሳ፦ የትልቁ አንጀት ካንሰር መድኃኒትና የታካሚው መንገድ

በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ሁለት ታላላቅ ደዌዎችን ተሸክሞ ኖሯል። የሳንባ ነቀርሳ ሲባል ቲቢ ነው፤ ያለ ቅጽል ነቀርሳ ሲባል ደግሞ ካንሰር ማለት ነው። ሁለቱ በሽታዎች በመንሥኤም ሆነ በጠባይ አይገናኙም፤ በአንድ ስም ያስጠራቸው ሁለቱም ሰውን ውስጥ ውስጡን እየበሉ ማመንመናቸው ነው። ለቲቢ ፍቱን መድኃኒት ከተገኘ በኋላ ስሙ ከፍርሃቱ ከፊሉን ጣለ፤ በካንሰር ላይ ግን ፍርሃቱ እንዳለ ቀረ። ከዚህም የተነሣ ዛሬም ቢሆን ብዙ ቤተሰብ የምርመራውን ውጤት እንደ መርዶ ይቆጥረዋል። ልጆች ሐኪሙን ለብቻው ጠርተው «እባክዎን፣ ለአባታችን እንዳይነግሩብን» ሲሉ ይማጠናሉ። አባትም ስሙ ያልተነገረውን በሽታ ለማዳን በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒት በደም ሥሩ ይወስዳል።

የትልቁ አንጀት ካንሰር ለረጅም ጊዜ የባለጸጎች አገሮች በሽታ ሆኖ ሲቆጠር ቆይቷል። ይህ ግምት በአገራችን ያልተፈተነ ግምት ነበር፤ የሚፈትነው መዝገብ አልነበረምና። የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር ምዝገባ በ2004 ዓ.ም. መባቻ ገደማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከተቋቋመ በኋላ ግን፣ በከተማይቱ ወንዶች ዘንድ የትልቁ አንጀትና የፊንጢጣ ካንሰር ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ የመድኃኒቱ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦች የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይችልም።

ከኮሶ እስከ ፍሎሮዩራሲል

የአንጀትን ሕመም በመድኃኒት ማከም ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ለኮሶ ትል መድኃኒቱን ከኮሶ ዛፍ አበባ አግኝቶ በየሁለት ወሩ ገደማ ሲጠጣ ኖሯል። ይኸው አበባ በ19ኛው መቶ ዘመን በተጓዦችና በሐኪሞች እጅ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በዚያ አገር የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ገብቷል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ የትል መድኃኒት ከአውሮፓ ተነሥቶ ያልታሰበ ጉዞ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቤልጅግ በሚገኘው የጃንሰን ቤተ ሙከራ የወጣው የመድኃኒት ቤተሰብ ሌቫሚዞልን አስገኘ። ለሰውም ለከብትም ወስፋት የሚሰጠው ይህ መድኃኒት የሰውነትን የመከላከል ኃይል ያነቃቃል የሚል ሐሳብ በመነሣቱ፣ ተመራማሪዎች በካንሰር ላይ ሊሞክሩት ጀመሩ። ብቻውን ያን ያህል አልፈየደም። ከፍሎሮዩራሲል ጋር ሲጣመር ግን ውጤቱ ሌላ ሆነ።

ፍሎሮዩራሲል የዚህ ታሪክ ምሰሶ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ሃይደልበርገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1957 ያስተዋወቁት፣ የካንሰር ሕዋስ ዩራሲል የተባለውን ንጥረ ነገር ከጤነኛው ሕዋስ ይልቅ አብዝቶ እንደሚጠቀም በመታየቱ ነበር። ሕዋሱ ምግቡ መስሎት የሚውጠው፣ ውስጡ ሲገባ ግን የዘር ቅንብሩን ሥራ የሚያቋርጥ ሐሰተኛ ዩራሲል ሠሩለት። እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ጥናት፣ በሽታው ወደ አቅራቢያው ዕጢዎች ከተዛመተባቸውና ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል ፍሎሮዩራሲልን ከሌቫሚዞል ጋር ለአንድ ዓመት የወሰዱት የሞት መጠናቸው በ33 በመቶ ዝቅ ማለቱን አሳየ። ሐኪም ከቀዶ ሕክምና በኋላ «ተቈርጦ ወጥቷል፤ ሆኖም መድኃኒት ይቀጥላሉ» ለማለት ጽኑ መሠረት ያገኘው ከዚያ ወዲህ ነው።

የሌቫሚዞል ዘመን ግን አጭር ነበር። ሊኮቮሪን የተባለው የፎሊክ አሲድ ዘር ቦታውን ወሰደ፤ ሕክምናውም ከዓመት ወደ ስድስት ወር አጠረ። ቀጥሎ ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኪዳኒ እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራው ኦክሳሊፕላቲን በፈረንሳይ ተሻሽሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለውን ጥቅም አስመሰከረ። በአፍ የሚዋጠው ካፔሲታቢን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ወደ ፍሎሮዩራሲል የሚለወጥ በመሆኑ፣ ለ46 ሰዓት መድኃኒት የሚያንጠባጥብ ፓምፕ በማይገኝበት አገር ትልቅ ችግር አቃለለ።

ሕክምናው በአዲስ አበባ

በ1960ዎቹ በቸርችል ጎዳና ላይ ሥራውን የጀመረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ማዕከል ከሆነ ወዲህ የካንሰር ሕሙማንንም ሲቀበል ቆይቷል። ሆኖም ራሱን የቻለ የካንሰር ማዕከል የተቋቋመው በ1990 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ የኮባልት የጨረር መሣሪያ ተተከለ። የትልቁ አንጀት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ጨረር የሚሻ አይደለም፤ ይሁንና ማዕከሉ ኬሞቴራፒም የሚሰጥበት በመሆኑ የመላ አገሪቱ ታካሚ ዐይኑን ወደዚያ አቀና። ለረጅም ዓመታትም የካንሰር ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. በደም ካንሰር ባረፈ ሕፃን ስም የተሰየመው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ሲመሠረት፣ የታካሚው ቤተሰብ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቋማዊ መልክ ያዘ። በ2000ዎቹም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ሕክምና ልዩ ሥልጠና ተጀመረ፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚሠራ ብሔራዊ የካንሰር መቈጣጠሪያ ዕቅድ አወጣ።

በሁለት ዙር መካከል

የታካሚው ሕይወት የሚለካው በሆስፒታሉ ውስጥ በሚያድርበት ሰዓት አይደለም። ኦክሳሊፕላቲን በሁለት ሰዓት ያህል በደም ሥር ይሰጣል፤ ከዚያ ካፔሲታቢን ለ14 ቀን ይዋጣል፤ ለ7 ቀን ዕረፍት ይደረጋል። ይህ በስምንት ዙር ሲፈጸም ስድስት ወር ይሆናል። በዚህ ስድስት ወር ውስጥ ታካሚው ከሐኪሙ ይልቅ ከቤቱ፣ ከመንገዱና ከአየሩ ጋር ይታገላል።

በምሥራቅ አዲስ አበባ በአያት፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚት ወይም በገርጂ የሚኖር ሰው የሚገጥመውን ማሰብ ይበቃል። ብዙው የሚኖረው አሳንሰር በሌለው የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ላይ ነው፤ የደም ማነስ የያዘው ሰው አራተኛ ፎቅ ለመድረስ በየደረጃው ይቀመጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን መሸከም ከድካሙ በላይ ይሆንበታል። በ2008 ዓ.ም. ከአያት በመገናኛ በኩል ወደ ጦር ኃይሎች የተዘረጋው ቀላል ባቡር ለአንዳንዱ መንገዱን አቃለለለት፤ ሆኖም በግፊያ የተሞላ ፉርጎ ነጭ የደም ሕዋሱ ለወረደ ሰው የሚመከር አይደለም።

ከባዱ ፈተና ብርዱ ነው። ኦክሳሊፕላቲን የወሰደ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጣ ወይም ቀዝቃዛ አየር ሲስብ ጉሮሮው የታፈነ ያህል ይሰማዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ በክረምት ንጋት በመገናኛ ታክሲ የሚጠብቅ ታካሚ ይህን ያለ መምህር ይማረዋል። ጓንት ማድረግ፣ አፍንጫንና አፍን በነጠላ ወይም በሻሽ መሸፈን፣ ውኃን ለብ አድርጎ መጠጣት አስፈላጊ ነው። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን «ነፍሴ ወጣች» ብሎ በድንጋጤ ሕክምናውን ሊተው ይችላል።

ካፔሲታቢንም የራሱ ጣጣ አለው፤ መዳፍና እግር ያቀላል፣ ይልጣል። እንጀራ የምትጋግር ሴት በምጣድ ሙቀት ፊት ውላ ሕመሙ ሲብስባት፣ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ ሙቀት እንድትሸሽ ያልነገራትም ተጠያቂ ነው። ክኒኑ ምግብ በተበላ በ30 ደቂቃ ውስጥ መዋጥ ስላለበት የጾም ወቅት ጥያቄ ያስነሣል። ሃይማኖቶቹ ለሕሙማን ቦታ እንዳላቸው ቢታወቅም ፈቃዱን ከንስሐ አባት ወይም ከሼኩ መስማት የሚሻ ብዙ ነው፤ ባለሙያውም ይህን ጥያቄ ሊያቃልለው አይገባም። ጸበል የሚሄደውንም «አይሂዱ» ከማለት ይልቅ «መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ፤ ቀዝቃዛ ጸበል ሰውነትዎን እንዳይጎዳ ይጠንቀቁ» ማለት ይበጃል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ የደረሰ ታካሚ ግን የሚጠብቀው ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

የመድኃኒቱ መንገድ

ታካሚው ከምሥራቅ ወደ ቸርችል ጎዳና ሲጓዝ መድኃኒቱም በተመሳሳይ አቅጣጫ ይጓዛል። ከሕንድና ከአውሮፓ የሚመጣው ጠርሙስ በ1950ዎቹ ጄት አውሮፕላን እንዲያርፍበት በተሠራው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ይገባል፤ ከዚያም ወደ መጋዘን፣ ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ክፍል ይሄዳል። በ1999 ዓ.ም. የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ በአዋጅ መቋቋሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርና የክሊንተን የጤና ተነሣሽነት ከመድኃኒት አምራቾች ጋር ተስማምተው ለኢትዮጵያና ለአምስት የአፍሪካ አገሮች ዋጋ ማስቀነሳቸው ይህን መንገድ አሳጠረው እንጂ አላስተካከለውም።

መድኃኒቱ ከሆስፒታል ሲጠፋ ቤተሰብ ማዘዣውን ይዞ ከቦሌ እስከ ፒያሳ በየመድኃኒት ቤቱ ይዞራል፤ ወይም ውጭ አገር ላለ ዘመድ ደውሎ በመንገደኛ ሻንጣ ያስልካል። ዙሩ በዚህ ሁሉ ይዘገያል፤ የዘገየ ዙር ደግሞ በታካሚው ላይ የሚቆጠር ዕዳ ነው። ባለሙያው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው አለ። ማሸጊያውን፣ የምርት ቁጥሩንና የማብቂያ ቀኑን ይመረምራል። ፍሎሮዩራሲል ከብርሃን እንዲጠበቅ፣ በቀዝቃዛ ማቀዝቀዣም እንዳይቀመጥ ያሳስባል። ኦክሳሊፕላቲን በ5 በመቶ ዴክስትሮስ ብቻ እንደሚቀጠን፣ በኖርማል ሳላይን እንደማይነካ፣ ከፍሎሮዩራሲልም ጋር በአንድ ቱቦ እንደማይደባለቅ ያረጋግጣል። ለአንዱ ጠርሙስ ቤት ንብረቱን የሸጠ ሰው፣ በስሕተት የተበላሸውን የሚተካበት ገንዘብ የለውም።

የመጀመሪያው መስኮት

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ከሆስፒታሉ ይልቅ ወደ ሰፈር መድኃኒት ቤት ይመልሳል። ሰገራው ላይ ደም ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ መስኮቱ ነው፤ በአፍረት ዝቅ ባለ ድምፅ «የኪንታሮት ቅባት» ወይም «የአሜባ ክኒን» ብሎ ይጠይቃል። ከመቶ ሰው ብዙው እንደተናገረው ኪንታሮት ወይም አሜባ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደሙ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ከቆየ፣ የሰገራው ልማድ ከተለወጠ፣ ክብደት ከቀነሰ ወይም ፊት ከገረጣ፣ ክኒን ሸጦ መሸኘት ጊዜውን መሸጥ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የተገኘ ዕጢ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ብቻ ይድናል፤ ኦክሳሊፕላቲንም፣ ብርዱም፣ የስድስት ወሩ መንገድም ይቀራል።

ሃይደልበርገር በቤተ ሙከራው የፈጸመው ሥራ ታላቅ ነው። ሆኖም በገርጂ ወይም በመገናኛ ከመስኮቱ ኋላ የቆመ ባለሙያ «ከመቼ ጀምሮ ነው? ከስተዋል? ምርመራ አድርገዋል?» ብሎ ሦስት ጥያቄ ሲጠይቅ የሚያድነው ሰው ከዚያ ያነሰ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ ሁለት ደቂቃና የሰውን አፍረት የሚያከብር ድምፅ ነው።