የዔሊ ቤት ታሪክ፤ ካህን በእግዚአብሔር ፊት ስለሚሰጠው መልስ

የኢዮቤልዩ በዓል ሥሩ በኦሪት ዘሌዋውያን ነው። 7 ጊዜ 7 ዓመት ተቈጥሮ በ50ኛው ዓመት፥ በሰባተኛው ወር በ10ኛው ቀን፥ ቀንደ መለከት እንዲነፋና ለምድሩ ሁሉ ነጻነት እንዲታወጅ ታዝዟል። ይህም ዕለት የማስተስረያ ቀን ነው። በዚያ ቀን ሊቀ ካህናቱ ስለ ሕዝቡ ኃጢአት ከመሠዋቱ አስቀድሞ ስለ ራሱና ስለ ቤተ ሰቡ ወይፈን ማቅረብ ነበረበት። እንግዲህ የደስታው መለከት የሚነፋበትና ካህኑ ስለ ራሱ በደል የሚቆምበት ቀን አንድ ነው።

ካህን ስለ ራሱና ስለ ቤቱ መልስ መስጠትን በረሳ ጊዜ የሚመጣውን ነገር የዔሊ ታሪክ ያስረዳል። ዔሊ በሴሎ ካህን ሆኖ በእስራኤል ላይ ፈረደ፤ ዘመኑም በዕብራይስጡ 40፥ በሰብዓ ሊቃናት ትርጓሜ 20 ዓመት ተብሎ ተጽፏል። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስም ካህናት ነበሩ። በሕጉ አስቀድሞ ስቡ ለእግዚአብሔር ይጤሳል፤ ለካህናቱም ፍርምባውና ቀኝ ወርቹ ይሰጣል። እነርሱ ግን ሎሌያቸው ሦስት ጣት ባለው ሜንጦ ከድስቱ ያወጣውን ሁሉ ይወስዱ፥ ስቡም ሳይጤስ ጥሬውን ሥጋ በግድ ይቀበሉ ነበር። ዳግመኛም በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉት ሴቶች ጋራ አመነዘሩ። ከዚህም የተነሣ መሥዋዕቱ ተናቀ።

ዔሊ ይህን ሳይሰማ የቀረ አይደለም። ልጆቹን በቃል ወቀሳቸው፤ ነገር ግን አልከለከላቸውም። የእግዚአብሔርም ሰው መጥቶ ዔሊ ልጆቹን ከእግዚአብሔር አብልጦ እንዳከበረ ነገረው። የዓይኑ መፍዘዝ የእርጅና ነበር፤ የታወቀውን በደል አለማገዱ ግን የልብ መፍዘዝ ነው። ከዚህ በኋላ ፍርዱ ለብላቴናው ለሳሙኤል በተገለጠ ጊዜ ዔሊ የጌታን ፈቃድ በትሕትና ተቀበለ። ፍርድን መቀበል መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አፍኒንና ፊንሐስ ከዚያም ወዲያ ከታቦቱ ጋራ ቆመው ይገኛሉ።

ፍልስጥኤማውያን በአፌቅ በሰፈሩ ጊዜ ከእስራኤል 4,000 ያህል ሰው ወደቀ። ሽማግሌዎቹም ታቦቱ ቢመጣ ይድኑ ዘንድ አስበው ከሴሎ አስመጡት። በዚያ ጊዜ 30,000 እግረኛ ወደቀ፤ ሁለቱ ካህናት በአንድ ቀን ሞቱ፤ ታቦቱም ተማረከ። ዔሊም ወሬውን ሲሰማ ከወንበሩ ወድቆ ሞተ፤ የወደቀውም መልእክተኛው የልጆቹን ሞት ሲናገር ሳይሆን ታቦቱን ባነሣ ጊዜ ነው። ታቦቱ በፍልስጥኤም አገር 7 ወር ተቀመጠ። ከብዙ ዘመን በኋላም ሰሎሞን ከዔሊ ወገን የሆነውን አብያታርን ከክህነት አውጥቶ ወደ ዓናቶት ሲሰደው በዔሊ ቤት ላይ የተነገረው ቃል ተፈጸመ።

በዛሬው ኪርበት ሴሉን በሚባለው ስፍራ የዴንማርክ ሊቃውንት በአውሮጳ አቆጣጠር ከ1926 ጀምሮ፥ እስራኤላውያን ደግሞ ከ1981 እስከ 1984 ቆፍረዋል። በኋለኛውም ቁፋሮ ከጌታ ልደት በፊት በ11ኛው መቶ ዓመት በእሳት የጠፋ መንደር ፍርስራሽ ተገኝቷል። ነቢዩ ኤርምያስም በኢየሩሳሌም መቅደስ ተማምነው በደልን ያልተዉትን ሰዎች ወደ ሴሎ ሄደው እንዲያዩ አሳስቧቸዋል፤ ስፍራው ቅዱስ ስለ ሆነ ብቻ አገልጋዩ ከምርመራ አያመልጥምና።

ሳሙኤል ግን ሌላ ምሳሌ ተወ። የርሱም ልጆች በቤርሳቤህ ጉቦ እየተቀበሉ ፍርድ አጣመሙ። እርሱ ግን በሸመገለ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቆሞ የማንን በሬ፥ የማንን አህያ እንደ ወሰደ፥ ማንንም እንደ ግፍ እንዳደረገበት ይመሰክሩበት ዘንድ ለመነ፤ ሕዝቡም ንጽሕናውን መሰከረለት። በሰው ፊት ለመመርመር ያልፈራ ሽማግሌ በእግዚአብሔር ፊት ለሚሰጠው መልስ የተዘጋጀ ነው።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩዋን ስታከብር የሕንጻዋን ዘመን ብቻ ሳይሆን የአገልጋዮቿን አደራ ጭምር ትቈጥራለች። መንጋው የእረኛው ገንዘብ አይደለም፤ ባለቤቱ የሚጠይቀው አደራ ነው። እግዚአብሔር ለእረኞች የሚያይ ዓይን፥ የሚከለክልም እጅ ይስጥ፤ አሜን።