የሜዲያን ልጆች ማን ገደላቸው?

ሜዲያ ሲባል የምትታወሰን ልጆቿን ያረደች እናት ናት። ከጥቁር ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ዛሬ ጆርጂያ ከሚባለው አገር፣ ያሶንን ተከትላ ግሪክ የገባች ባዕድ ነበረች። የወርቁን የበግ ለምድ ያስገኘችለት እሷ ናት። ሰውዬው ግን ቆሮንቶስ ሲደርስ የንጉሡን ልጅ ላግባ አለ! ከዚያ ወዲያ ያለውን የምናውቀው ከዩሪፒዲስ ነው፤ ሙሽራይቱን መርዝ በተቀባ ልብስ ፈጀቻት፣ ሁለት ልጆቿንም በገዛ እጇ ገደለች።

ዩሪፒዲስ ተውኔቱን አቴና ላይ ያሳየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት ነው። ታዲያ ግሪኮች ራሳቸው ነገሩን በአንድ አፍ አልተናገሩትም። ከልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት ስለ ቆሮንቶስ የጻፈው ፓውሳኒያስ፣ ልጆቹን በድንጋይ ወግረው የገደሉ የከተማው ሰዎች ናቸው ይላል፤ የልጆቹ ጥፋት ያንን ስጦታ ለሙሽራይቱ ማድረሳቸው ነው። ከዚያ የቆሮንቶስ ሕፃናት ያልቁ ጀመር። በንግርት ታዘው በየዓመቱ ለሟቾቹ መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር፤ የከተማው ልጆችም ፀጉራቸውን ይቆረጡላቸው፣ ጥቁር ይለብሱላቸው ነበር። ልማዱ የቀረው ሮማውያን ከልደት በፊት በ146 ከተማይቱን አፍርሰው፣ በኋላም ሌላ ሕዝብ ከሰፈረባት ወዲህ ነው። እንግዲህ የገደለቻቸው እናትየዋ ከሆነች ከተማው ምን ቤት ነውና ጥቁር ይለብሳል?

በተውኔቱ የጥንት ኅዳግ ላይ ደግሞ የባሰ ወሬ አለ። ክሬዎፊሎስ እንደሚለው ሜዲያ ንጉሡን ገድላ ወደ አቴና ስትሸሽ ልጆቹን ሄራ መሠዊያ ላይ ተወቻቸው፤ የንጉሡ ዘመዶች ገደሏቸውና እናታቸው ናት ብለው አስወሩ። ዩሪፒዲስም ወንጀሉን ወደ እሷ እንዲያዞር ቆሮንቶሶች አምስት መክሊት ሰጡት ይባላል። ጉቦውን እንኳ እኔ አላምንም። በዚያው ዓመት የፔሎፖኔዝ ጦርነት ሲፈነዳ ቆሮንቶስ የአቴና ጠላት ነበረች። ተውኔቱም በውድድሩ ከሦስቱ ሦስተኛ ነው የወጣው፤ ገንዘቡ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው። ሐሜቱ ግን እንዲያው አልተወለደም፤ ደሙ ከከተማው እጅ ወደ ሴትዮዋ እጅ መሻገሩን የጠረጠረ ሰው ነበረ።

ጀርመናዊቷ ክሪስታ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ልብ ወለድ ይህንን ክር ይዛ ተነሣች። በስድስት ሰዎች አፍ በተተረከው መጽሐፏ፣ ሜዲያ የንጉሡ ቤት የገዛ ልጁን ገድሎ መቅበሩን ትደርስበታለች፤ ያን ስላወቀች ስሟን አጥፍተው ያባርሯታል፣ ልጆቿን ይወግራሉ። ደራሲዋ ተረቱን አጣመመችው የሚል ካለ ፓውሳኒያስን ያንብብ።

የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። የቮልፍ ሜዲያ በጣም ንጹሕ ናት፤ የምትፈውስ፣ የምትመክር፣ የምትታገሥ። የዩሪፒዲስ ነፍሰ ገዳይ ግን ጥሎሽ ከፍላ ጌታ ስለምትገዛ ሴት ተናግራለች፤ አንድ ጊዜ ከመውለድ ሦስት ጊዜ ጦር ሜዳ መሰለፍ ይሻለኛል ያለችው እሷው ናት። በቮልፍ ዘንድ ያ ቁጣ የሚወጣው መጨረሻው ገጽ ላይ ነው፤ የልጆቿን ሞት ስትሰማ ቆሮንቶሶችን ትረግማቸዋለች። ምነው ቀደም ብላ በጀመረችው ኖሮ!