የአቅጣጫ ዘንግ (ጎልፍ)

የአቅጣጫ ዘንግ የጎልፍ ተጫዋቾች አቋቋማቸውንና አመታታቸውን ለማስተካከል በልምምድ ጊዜ የሚጠቀሙበት ቀጭን ዘንግ ነው። ብዙውን ጊዜ ከፋይበርግላስ ይሠራል፤ ርዝመቱም 1.2 ሜትር ያህል ነው። ዘንግ የሌለው ሰው በምትኩ ሁለት የጎልፍ ዱላዎችን መሬት ላይ ማጋደም ይችላል።

አስፈላጊነቱ

የጎልፍ ተጫዋች የሚመታው ከኳሱ ጀርባ ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ ስለሆነ ዓይኑ በቀላሉ ይሳሳታል። በትክክል የቆመ እየመሰለው እግሩና ትከሻው ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊያመለክቱ ይችላሉ። ትንሽ ስህተት በርቀት ይሰፋል፦ 150 ሜትር በሚጓዝ ኳስ ላይ የ1 ዲግሪ ስህተት ከዒላማው 2.6 ሜትር ገደማ፣ የ5 ዲግሪ ስህተት ደግሞ 13 ሜትር ገደማ ያርቃል። ይህን ሳያውቅ የሚለማመድ ሰው ኳሱን ወደ ዒላማው ለመመለስ አመታቱን ማጣመም ይለምዳል፤ አንዱ ስህተት ሌላውን ይወልዳል።

አቋቋምን ለማስተካከል

የመጀመሪያው ዘንግ ከኳሱ ትንሽ አለፍ ብሎ ወደ ዒላማው እንዲያመለክት ይጋደማል። ሁለተኛው በእግር ጣቶች ፊት፣ ከመጀመሪያው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቱ እንደ ባቡር ሐዲድ ናቸው፤ አንዱ የኳሱን፣ ሌላው የሰውነትን መስመር ያሳያል። ስለዚህ በቀኝ የሚመታ ተጫዋች እግሩ፣ ዳሌውና ትከሻው የሚያመለክቱት ወደ ዒላማው ራሱ ሳይሆን ከእሱ ጥቂት ወደ ግራ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

በሁለቱ መካከል በ90 ዲግሪ የሚቀመጥ ሦስተኛ ዘንግ የኳሱን ቦታ ያሳያል። ለድራይቨር ኳሱ በግራ ተረከዝ አንጻር ይሆናል፤ ዱላው ባጠረ ቁጥር ወደ መካከል ይጠጋል።

አመታትን ለማስተካከል

ኳሱ የሚነሳበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው በምቱ ቅጽበት የዱላው ፊት የሚያመለክትበት አቅጣጫ ነው። ፊቱና የዱላው ጉዞ ካልተስማሙ ኳሱ በአየር ላይ ይታጠፋል። በቀኝ በሚመታ ተጫዋች ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ሲመጣ፣ ፊቱም ከጉዞው አንጻር ክፍት ሲሆን፣ ኳሱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ይህ ስላይስ ይባላል። ለማረም ዘንጉ ከኳሱ በስተኋላ፣ ከዒላማው መስመር ወጣ ብሎ፣ እንደ ዱላው ዘንበል ተደርጎ ይተከላል። ተጫዋቹም ዱላውን ዘንጉን ሳይነካ በሥሩ ለማሳለፍ ይሞክራል። የተመታ ዘንግ ሊሰበር፣ ጫፉም ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል መጀመሪያ ያለ ኳስ በዝግታ መለማመድ ይመከራል።

በውድድር ላይ

ዘንጉን በቦርሳ መያዝ አይከለከልም። ነገር ግን በጎልፍ ሕግ 10.2 መሠረት ለዒላማ ወይም ለአቋቋም እንዲረዳ ማንኛውንም ዕቃ መሬት ላይ ማስቀመጥ በምት ቆጠራ ውድድር 2 የቅጣት ምት ያስከትላል፤ ከመምታት በፊት ማንሳቱ ቅጣቱን አያስቀርም። በዚህ ምክንያት ተጫዋቾች በልምምድ ጊዜ ጥቂት ኳሶችን በዘንጉ፣ ጥቂቶቹን ያለ ዘንጉ ይመታሉ። በጨዋታ ላይ ደግሞ ከኳሱ ፊት ለፊት በቅርብ ያለ ቅጠል ወይም የሣር ምልክት መርጠው በእሱ ያነጣጥራሉ። አሜሪካዊው ጃክ ኒክላውስ በዚህ ዘዴ ይታወቃል።