«ዕጢ» በ«ዕጢ» ላይ፦ የፒቱታሪ የደም ሥር ሥዕልና የስያሜው ታሪክ

በአማርኛ የሕክምና ስያሜ «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል። በትምህርት መጻሕፍት ሆርሞን አመንጪው የሰውነት ክፍል ይጠራበታል፤ በሆስፒታል ግን «የጭንቅላት ዕጢ» ሲባል ያላግባብ የበቀለ ባዕድ ሥጋ ማለት ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ ለከፍተኛ ምርመራ ወደ ጎንደር የተላከ ገበሬ «ፒቱታሪ ዕጢ አለብህ» ቢባል፣ የተነገረው ነገር በማንኛውም ጤነኛ ሰው ላይ እውነት ነው። «የዕጢ ዕጢ» ማለትን የሸሸ ተርጓሚ ደግሞ «ነቀርሳ» ይላል። ይህ የባሰ ነው፤ ከዚህ ክፍል የሚነሡት እባጮች አብዛኞቹ ነቀርሳ አይደሉምና።

የባላገሩ ቋንቋ በዚህ ረገድ ድኻ አልነበረም። የአንገቱን እንቅርት፣ የጆሮ ግርጌውን ጆሮ ደግፍ፣ የብሽሽቱን ንፍፊት ብሎ ለይቷል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ትርጉም የሚሰጠውም ሁለቱ በስም ስለተለዩ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ስሞች ዓይን ያየውንና እጅ የዳሰሰውን የሚጠሩ ናቸው። የአተር ፍሬ የሚያህለው ፒቱታሪ ግን ከአንጎል ሥር በአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ነው።

የአውሮፓው ስም ራሱ ከስሕተት የተወለደ ነው። «ፒቱይታ» በላቲን አክታ ማለት ሲሆን፣ ስሙም ዕጢው ከአንጎል ወደ አፍንጫ የሚወርደውን ንፍጥ ያሳልፋል ከሚለው የጥንት እምነት የመጣ ነው። ቃል በቃል «የአክታ ዕጢ» ብንለው ኖሮ የሞተውን እምነት በአማርኛ ባስነሣነው ነበር፤ ስለዚህ ውሰቱን እደግፋለሁ።

ሮንትገን በ1895 (እ.ኤ.አ.) ያገኘው ጨረር፣ እኛ ከጣሊያንኛ ወስደን «ራጅ» የምንለው፣ የሚያሳየው አጥንቱን ብቻ ነበር። ሐኪሞች እባጩን የሚገምቱት ዕጢው የተቀመጠበት «የቱርክ ኮርቻ» የተባለው አጥንት ሲሰፋ አይተው ነው። (ፊትና ኋላው ከፍ ያለ ኮርቻ ለሚያውቅ ለጋይንት ሰው «ኮርቻ» ብቻ ማለት ይበቃል፤ ቱርክን መጨመር አያሻም።) በ1927 ፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ የአንጎልን የደም ሥሮች በራጅ ለማሳየት ቻለ። ከመጀመሪያዎቹ ውጤታማ ሥዕሎች አንዱም የፒቱታሪ እባጭ የነበረበት ወጣት ሥዕል ሲሆን፣ የደም ሥሮቹ ከቦታቸው መገፋታቸውን አሳየ።

ስለ ዕጢው የራሱ ደም የተደረገው ክርክር ለስያሜ ሠራተኛ የበለጠ ያስተምራል። መጻሕፍቶቻችን «ደም ቅዳ» እና «ደም መልስ» ሲሉ ስሙን በፍሰቱ አቅጣጫ ላይ መሥርተዋል። ከአንጎል ወለል በቀጫጭን የደም ሥሮች መረብ የተሰበሰበው ደም ግን ወደ ልብ ሳይመለስ ወደ ዕጢው ወርዶ በሁለተኛ መረብ ይሠራጫል። ፖፓና ፊልዲንግ በ1930 እነዚህን ሥሮች ሲገልጹ ደሙ ሽቅብ ይወጣል አሉ፤ ዊስሎኪና ኪንግ በ1936 ቁልቁል ይወርዳል አሉ፤ ኋላም የሐሪስ ጥናት ቁልቁለቱን አጸና። በ1930 «አውጪ» የሚል ስም ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሐሰት በሆነ ነበር። ስለዚህ አቅጣጫን የማይወስነውን «አሻጋሪ የደም ሥር» እመርጣለሁ።

ዛሬ በኤምአርአይ ምርመራ ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ተወግቶ ሥዕሉ በየሴኮንዱ ልዩነት ይነሣል። ጤነኛው ክፍል ደም ስለሚበዛለት ቀድሞ ይደምቃል፤ ትንሹ እባጭ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይዘገያል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ልዩነቱ ይደበዝዛል። ምርመራው የቆመው በዚህ አጭር ጊዜ ላይ ነው። ውጤቱን በአንድ ቃል እንጻፈው፦ «ዕጢው ቀድሞ ይደምቃል፤ ዕጢው ይዘገያል።» ማን ይረዳዋል?

እንግዲህ «ዕጢ» ለተፈጥሮው ክፍል ይወሰን፤ ለበቀለው «እባጭ» ይባል፤ «የፒቱታሪ እባጭ»። ይህም እንከን አያጣም። «እባጭ» በባላገሩ ጆሮ መግል ቋጥሮ የሚፈርጠውን ጭምር ስለሚያሰማ፣ ሐኪሙ ለበሽተኛው «ይህኛው የሚፈርጥ አይደለም» ብሎ መጨመር ይኖርበታል።