ከደብዳቤው የቀደመ ማኅተም

አጎቴ ከዋሽንግተን ሲመለስ ካመጣልኝ ቴምብሮች አንዱን «ተበላሽቷል» ብዬ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጥዬው ነበር። ባለ 6 ሳንቲም የገና ቴምብር ነው፤ በረዶ የለበሰ መንደር ይታይበታል። በሥዕሉ ላይ የባልቲሞር ከተማ ስም ተመትቶበታል። ከዓመታት በኋላ ገልብጬ ሳየው የጀርባው ሙጫ እንዳለ ነው። ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፍ ማን መታው?

ማኅተም የሚመታው ቴምብሩ ዳግም እንዳያገለግል ነው። በሺህ የሚቆጠር ካታሎግ በአንዴ ለሚልክ ነጋዴ ግን እያንዳንዱን መምታት አድካሚ ሆነ። ስለዚህ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብሩ ገና ሳይነጣጠል፣ በሉሁ ላይ እንዳለ፣ አስቀድሞ እየመታ ፈቃድ ላላቸው ደንበኞች መሸጥ ያዘ። እ.ኤ.አ. በ1903 የከተማውና የግዛቱ ስም በሁለት መስመሮች መካከል እንዲሰፍር ተወሰነ። በ1916 የዋሽንግተኑ የመንግሥት ማተሚያ ቤት ለኦገስታ፣ ለስፕሪንግፊልድና ለኒው ኦርሊንስ በሙከራ አተመ፤ በ1923 ሥራው መደበኛ ሆነ።

ማተሚያ ቤቱ ያተመውንና በየከተማው የተመታውን ለመለየት ማጉያ መነጽር ይበቃል። የማተሚያ ቤቱ ፊደል ጥርት ያለ፣ ቀለሙም እኩል ነው። በየፖስታ ቤቱ በእጅ የተመታው ያዘማል፣ አንድ ጥግ ላይ ቀለም ይጠጣል፣ አንዳንዴም ተዘቅዝቆ ይገኛል። እኔ ይኼኛውን አብልጬ እወዳለሁ፤ የመታው ሰው እጅ ይታየኛል። ቴምብሩ ከነፖስታው ከተገኘ ደግሞ ጠርዙን ማየት ነው፦ የተለመደው ማኅተም ወደ ወረቀቱ ያልፋል፣ አስቀድሞ የተመታው ግን የቴምብሩ ጠርዝ ላይ ያበቃል።

ብዙ ጀማሪ አስቀድመው የተመቱ መስሎት የሚሳሳተው በአንዳንድ የ1929 ቴምብሮች ነው። «ካንሳስ» እና «ነብራስካ» በአጭሩ ታትሞባቸዋል፣ መስመር ግን የላቸውም። እነዚህ የታተሙት ፖስታ ቤት የሚዘርፉ ሌቦች ቴምብሩን ወደ ሌላ ግዛት ወስደው እንዳይሸጡ ነበር፤ ደብዳቤ ላይ ሲለጠፉ እንደማንኛውም ቴምብር ማኅተም ይመታባቸዋል።

ከሐምሌ 1938 ወዲህ ደግሞ ከ6 ሳንቲም በላይ በሆኑት አስቀድመው በተመቱ ቴምብሮች ላይ ተጠቃሚው ድርጅት የስሙን መነሻ ፊደላት፣ ወሩንና ዓመቱን እንዲያክል ታዘዘ። በአንዲት ቴምብር ላይ ከተማው፣ ላኪውና ጊዜው አብረው ተቀምጠዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ከፖስታው ላይ ነቅሎ ውኃ ውስጥ የሚዘፈዝፍ ሰው ሳይ ያመኛል።

የእኔዋ ባለ 6 ሳንቲም የ1969 ናት። በገና ሰሞን የሚጎርፈውን ደብዳቤ ለማቅለል ፖስታ ቤቱ በአትላንታ፣ በባልቲሞር፣ በሜምፊስና በኒው ሄቨን አስቀድሞ መምታቱን ሞከረው። ለነጋዴ ብቻ የነበረው ነገር ያኔ ለእናቱ የገና ካርድ ለሚልክ ሰው ደረሰ። በማግስቱ ዓመት በብዙ ከተሞች ተሸጠ።

ከቆርቆሮው አውጥቼ ሙጫዋ እንዳይነካ በቀጭን ፕላስቲክ ኪስ አስገብቻታለሁ። የቀሩት ሦስት ከተሞች ቦታቸው ከጎኗ ክፍት ነው።