ተጻራሪ ብዝኀ ውጤት

«ተጻራሪ ብዝኀ ውጤት» በሥነ ሕይወት «አንታጎኒስቲክ ፕላዮትሮፒ» ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ በዚህ ጽሑፍ የቀረበ የአማርኛ አቻ ነው። ፕላዮትሮፒ አንድ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የውርስ መመሪያ፣ ከአንድ በላይ የአካል ባሕርያትን የሚነካበትን ሁኔታ ስለሚያመለክት «ብዝኀ ውጤት» ተብሏል፤ «ተጻራሪ» የሚለው ቅጽል ደግሞ ከውጤቶቹ አንዱ ሲጠቅም ሌላው የሚጎዳ መሆኑን ይገልጻል።

ጽንሰ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1957 ለእርጅና ማብራሪያነት ያቀረበው አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጆርጅ ዊሊያምስ ነው። በዱር የሚኖር እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ሳያረጅ በአዳኝ፣ በረኀብ ወይም በበሽታ ስለሚሞት፣ በወጣትነት ርቢን የሚያበረታ ጂን በኋለኛው ዕድሜ ጉዳት የሚያስከትል ቢሆን እንኳ፣ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ልጆች ይተላለፋል፤ ተፈጥሯዊ ምርጫም፣ ማለትም ለርቢ የሚበጁ ባሕርያት ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚበዙበት ሂደት፣ ጂኑን ከማስወገድ ይልቅ ያስፋፋዋል።

ድሮሶፊላ ሜላኖጋስተር የተባለችው የፍራፍሬ ዝንብ ከዕንቁላል ተነሥታ በዐሥር ቀን ገደማ ለአካለ መጠን ስለምትደርስና በሕይወት የምትቆየውም ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ፣ ሐሳቡን ለመፈተን ምቹ ናት። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ማይክል ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ በዕድሜ የገፉ ዝንቦች የጣሏቸው ዕንቁላሎች ብቻ በየትውልዱ እየተለዩ ሲራቡ የዘሮቻቸው ዕድሜ ረዘመ፤ በወጣትነታቸው የሚጥሉት ዕንቁላል ግን ቀነሰ።

በአንድ ጂን ደረጃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በ«ቺኮ» ላይ የወጣው ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ቺኮ የኢንሱሊንን መልእክት ተቀብሎ በህዋስ ውስጥ የሚያስተላልፍ ፕሮቲን የሚሠራበት ጂን ሲሆን፣ የተበላሸ ቅጂውን ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ ሴት ዝንቦች ዕድሜያቸው እስከ 48 በመቶ ቢረዝምም፣ ድንክና መካን ሆኑ። ስለዚህ ደህናው ቺኮ ዕድገትንና ርቢን ሲያስገኝ፣ ዕድሜን ግን ይቀንሳል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የተበላሸውን ቅጂ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሱ ሴቶች ድንክ ሳይሆኑ ዕድሜያቸው ስለረዘመ፣ ረጅም ዕድሜ የተገኘው አካል በማነሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

በኋለኛው ዕድሜ የሚጎዳ ጂን ሁሉ በዚህ ስም አይጠራም። የሥነ ሕይወት ሊቁ ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1952 እንዳስረዳው፣ በወጣትነት ምንም ሳይጠቅሙ ጉዳታቸው ዘግይቶ በመምጣቱ ብቻ ከምርጫ የሚያመልጡ የዘር ለውጦችም አሉ። ስለዚህ «ተጻራሪ ብዝኀ ውጤት» የሚለው ስያሜ የሚገባው የቀደመው ጥቅምና የዘገየው ጉዳት ከአንድ ጂን መመንጨታቸው በማስረጃ ሲረጋገጥ ነው።