የመንዝ ጓሳና የአባቶች ሥርዐት

ስለ አገራችን ታሪክ በተነገረ ጊዜ የነገሥታቱ ዘመንና የጦር ሜዳው ውሎ ይቀድማል፤ ሣርም ታሪክ አለው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ ለአንባብያን ልናቀርብ የወደድነው በመንዝ ደጋ፥ ከ3200 ሜትር ከፍታ በላይ የሚበቅለውን የጓሳን ሣር ታሪክ ነው።

ጓሳ ለመንዜ የቤቱ ክዳን፥ ገመዱና መጥረጊያው፥ በክረምትም ዝናም የሚከላከልበት ገሳው ነው። ድርቅ ሲጠና ደግሞ የከብቱን ነፍስ ያቆይለታል። ጅብራ የቆመበት፥ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ምድር ለዐባይና ለአዋሽ የሚገብሩ ምንጮችም መፍለቂያ ነው።

በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች ፈረስ አሽቀዳድመው መሬቱን ተካፈሉ። ከዚያ ወዲህ ጓሳ አጽመ ርስት ሆነ። የሚያጭድበትና ከብት የሚያሰማራበትም ከእነርሱ መወለዱን ቈጥሮ ያስረዳ ብቻ ነበር። ጥበቃው በየወገኑ ለተመረጠ ቄሮ የተሰጠ ነው። ሣሩ እስኪጎለምስ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ክረምት ሲቃረብ ዳግመኛ ይዘጋል። ሕጉን የተላለፈ ሰው ቤቱ እስኪቃጠል ድረስ ይቀጣ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ አጽመ ርስቱም ቄሮነቱም ቀረ። በአንድ በኩል ነገሩ ቅን ፍርድ ነበር፤ በዚያው ብርድ እየኖረ፥ ትውልዱ ከሁለቱ አባቶች ስላልሆነ ብቻ ለጣራው ክዳን ለተከለከለው ጎረቤት በደል ቀርቶለታልና። ነገር ግን ጠባቂው ሲነሣ ትዕግሥቱም አብሮ ተነሣ፤ ማጭዱም ከብቱም ያለ ጊዜው ገባ፤ ጓሳው ተጎዳ።

የመንዝ ሰው ይህን አይቶ ዝም አላለም። ከየገበሬ ማኅበሩ ሰዎችን መርጦ ኮሚቴ አቋቋመ፤ የመዝጋቱንና የመክፈቱን ልማድ መለሰ። የአሁኑ ሕግ ግን ዘር አይጠይቅም። በኋላም የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ስፍራ አድርጎ በሕግ አጸናለት።

እንግዲህ የአባቶች ሥርዐት ሁለት ነገር አጣምሮ ይዞ ኖሯል፤ አንዱ ሰውን ከሰው መለየት፥ ሁለተኛው ለነገ ብሎ መታገሥ። ፊተኛው ቢቀር ማንም አልተጎዳም፤ ኋለኛው በቀረ ጊዜ ግን ሁሉም ተጎዳ። ስለዚህ የወረስነውን ሁሉ በጅምላ ከመጣልም በጅምላ ከማወደስም ተጠብቀን፥ ፍሬውን ከገለባው መለየት የእኛ የልጆች ፈንታ ነው እንላለን።